ቀብዱን ልስጥ ወይስ ልቆይ?

አዘዞ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት አግኝቻለሁ። ያጠራቀምሁት ገንዘብ ዋጋውን ይሸፍናል፤ ጣሪያውን ለማደስ ግን ሰባራ ሳንቲም አይተርፈኝም። ቆርቆሮው በየምስማሩ ዝጓል፣ የክረምቱ ዝናብም ግድግዳው ላይ ቡናማ መስመር አስምሯል። ካርታው በሟች አባታቸው ስም መሆኑን ሻጩ የነገሩኝ ቡናው በረካ ከደረሰ በኋላ ነው! ወራሾቹ አራት ናቸው፤ አንዷ ውጭ አገር ናት። ባለቤቴ ኪራይ ሰልችቷት «ቀብዱን ስጥና እንገላገል» ትላለች።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። የወራሽነት ማስረጃ ሳይወጣ፣ ሻጩ ብቻቸውን ቢፈርሙልኝ ምን ይገጥመኛል? ዕዳና እገዳ እንደሌለበትስ ቀብድ ሳልከፍል እንዴት ላጣራ? ዕቁቤ የሚደርሰኝ ከአራት ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ ልታገሥ?