የዓሣ እጭ ይጠና ወይስ እንቦጭ ይነቀል?

የሽምብጥ ልጅ፦ ትናንት ማታ አንድ ቪዲዮ አየሁ። ሳይንቲስቶች ውቅያኖስ መሀል መርከብ ላይ ሆነው፣ ወንፊት በመሰለ መረብ ውሃ ያጠራሉ። የሚፈልጉት የጥልቅ ባሕር ትልና ቀንድ አውጣ እጭ ነው፤ ከእንቁላል ገና የወጣ ጨቅላ። በዓይን እንኳ በቅጡ አይታይም! እና ወደ ቤታችን ስመጣ፦ ለጣና ከሚወጣው ብር ለዓሣ እጭ አጥኚ ይሰጥ ወይስ ሁሉም ለእንቦጭ ይዋል? እኔ ሁሉም ለእንቦጭ ባይ ነኝ።

የደምቢያው፦ ምን ጥያቄ አለው? እናንተ ሐይቁን እያያችሁ ቡና ትጠጣላችሁ። እኛ ታንኳ ማስገቢያ አጥተናል። በእጃችን ነቅለን ዳር ላይ ከመርነው፤ ውሃው ሲሞላ ተመልሶ ገባ። ስለ እጭ የምሰማበት ጆሮ የለኝም።

የባዮሎጂ መምህር፦ ወንድሜ፣ የናቅኸው ትል ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1977 ጋላፓጎስ አጠገብ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ከባሕሩ ወለል ፍል ውሃ ሲፈልቅ ተገኘ። ዙሪያው ሰው የሚያክል ትል ተተክሏል። አፍም አንጀትም የለው፤ የሚመግቡት ውስጡ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ካለበት ንቅንቅ አይልም። ፍል ውሃው ደግሞ አንድ ቀን ይነጥፋል። ታዲያ ዘሩ እንዴት አላለቀም? እጩ ነዋ! ሳይበላ 38 ቀን ያህል ይቆያል፤ ጅረት ከረዳው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊሄድ እንደሚችል ተሰልቷል። ከባሕር ወለል ማዕድን ይውጣ አይውጣ ሲባልም እጩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ካልታወቀ ክርክሩ በጨለማ ነው።

አስጋሪው፦ መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኛ ትል አንሸጥም። በሐምሌና በነሐሴ የጣናው ነጭ ዓሣ እንቁላል ሊጥል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣል። ወንዙ አፍ ላይ መረብ የጣለ በአንድ ሌሊት ይሞላለታል። እኔም ጥያለሁ፣ አልዋሽም። ሆዷን ስትቀዳት እንቁላል ብቻ ነው፣ እጅህን ይሞላዋል። ወደ ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ውስጥ ይበትናሉ፤ ትልቁም ጫጩቱም ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ይህን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ ምን ያደርጋል? ወቅቱን መዝጋት ነው።

ዓሣ ቤት ያላት፦ መዝጋት አፍ ላይ ይቀላል። ነሐሴ ፍልሰታ ነው፤ ዓሣ ፈላጊው የሚበዛው ያኔ ነው። (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ዛሬ አታንሱብኝ።) ነጩ ዓሣ ከቀረ ቆሮሶና አምባዛ ብቻ ላቀርብ ነው?

የባዮሎጂ መምህር፦ ይዘጋ በሚለው እስማማለሁ። ግን የት? ከመቼ እስከ መቼ? ነጩ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው ጠጠር ላይ፣ ንጹሕ ውሃ በሚወርድበት ነው። ያ ጠጠር በሲኖትራክ ተጭኖ ፎቅ ከተሠራበት፣ መረቡ ቢነሳም እንቁላሉ ማረፊያ የለውም። ከፈለቀ በኋላስ ጫጩቱ ወንዙ ኩሬ ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆያል? ወደ ሐይቁ መቼ ይወርዳል? የመዝጊያውን ቀን የሚነግርህ እጩ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የነጭ ዓሣው ብዛት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ 75 በመቶ ወርዷል። እንቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እንቦጭ ሲደርስ ዓሣው ከአራት እጅ ሦስቱ ሄዷል።

የሽምብጥ ልጅ፦ ይቺን አላውቃትም ነበር። እንቦጩ ይነቀል ማለቴን አልተውኩም፤ «ሁሉም» ያልኩትን ግን አንስቻለሁ።

የደምቢያው፦ እኔ አላነሳሁም።

አስጋሪው፦ አጥኚ ከመጣ ጀልባ እሰጣለሁ፣ ዓሣው የሚወጣበትንም አሳያለሁ። ቤንዚኑን ግን ራሱ ይሙላ።