«ራቲ»፣ «ማንጀሊን»፣ «እጅ መንሻ»፦ የታቬርኒዬን ጉዞ ወደ አማርኛ ስንመልስ

ጠያቂ፦
የፈረንሳዩን ጌጥ ነጋዴ የዣን ባፕቲስት ታቬርኒዬን የጉዞ መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው፤ ስለ ቃላት ጥያቄ አለኝ። በኅዳር 1665 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሕንዱ የሞጉል ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ ያሳየው ትልቁ አልማዝ «319 ተኩል ራቲ» እንደሚመዝን ጽፏል። ራቲ ምንድን ነው? በ«ካራት» ብተካው ያስኬዳል? «ማንጀሊን» የሚል ሌላ ሚዛንም አለ።

ነጋድራስ፦
ባይተኩት ይሻላል። ራቲ የሰሜን ሕንድ ጌጥ ነጋዴ ሚዛን ነው፤ መነሻው ቀይ ሆና ጫፏ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባት የሐረግ ፍሬ ናት። ካራትም ቢሆን ዘሩ ፍሬ ነው፦ ከግሪኮች የካሮብ ዛፍ ፍሬ ተነሥቶ፣ በዐረብኛ «ቂራጥ» ተብሎ አውሮፓ ገባ። ታቬርኒዬ ማስያውን ራሱ ሰጥቷል፤ 1 ራቲ የካራት 7/8 ነው። 319.5ን በ7 አባዝተው ለ8 ሲያካፍሉ 279 ካራት ከ9/16 ይመጣል፤ እሱም ያስቀመጠው ይህንኑ ቁጥር ነው።

ማንጀሊን የደቡቡ ነው። በጎልኮንዳና በቢጃፑር 1 ማንጀሊን 1 ካራት ከ3/8 ይሆን ነበር። ጎዋ ላይ ፖርቱጋሎቹ በዚያው ስም ይመዝኑ ነበር፤ የእነሱ ግን 5 ግሬን ብቻ ነበር፣ ካራት 4 ግሬን ስለሆነ 1 ካራት ከሩብ ማለት ነው። ስሙ አንድ፣ ክብደቱ ሁለት። 40 ማንጀሊን የሚባል ድንጋይ በጎልኮንዳ ሚዛን 55 ካራት፣ በጎዋው 50 ካራት ነው።

ልዩነቱ የ5 ካራት ብቻ እንዳይመስል። በታቬርኒዬ ዘመን ትልቅ አልማዝ ይተመን የነበረው ክብደቱ በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያ በ1 ካራት ዋጋ ተባዝቶ ነው። ጥሩ ድንጋይ በካራት 150 ሊቭር (የያኔው የፈረንሳይ ገንዘብ) ከሆነ፣ 12 ካራቱ 12 በ12፣ 144፤ በ150 ሲባዛ 21,600 ሊቭር። በዚሁ ስሌት 55 ካራቱ 453,750፣ 50 ካራቱ 375,000 ሊቭር ያወጣል። ሚዛኑ የየት አገር እንደሆነ ያልጠየቀ ገዥ 78,750 ሊቭር ከሰረ። ስለዚህ «ራቲ» እና «ማንጀሊን» እንዳሉ ይቆዩ፤ የመጀመሪያው ቦታ ላይ ብቻ በቅንፍ ይፍቷቸው።

የወርቅ ቤት፦
አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ዘንድ «ካራት» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የዱባዩ 21 እና 18 ካራት ወርቅ ነው፤ ያ ጥራት እንጂ ክብደት አይደለም፣ ከ24ቱ እጅ ስንቱ ንጹሕ ወርቅ እንደሆነ የሚናገር ነው። የዕንቁ ካራት ክብደት ነው። የዛሬው ካራት 0.2 ግራም ተብሎ የተቆረጠውም በ1907 ነው፤ የታቬርኒዬ ዘመን ካራት በጥቂቱ ይበልጠዋል። ለሉዊ 14ኛ የሸጠው ሰማያዊ አልማዝ 112 ካራት ከ3/16 ተብሎ የሚጻፈው በአሮጌው ነው፤ በዛሬው 115 ገደማ ይሆናል። ዛሬ ሆፕ አልማዝ የሚባለው 45.52 ካራት ከሱ ተቆርጦ የቀረው ነው። ሁለቱን ቁጥር አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲያስገቡ የትኛው ካራት እንደሆነ ይግለጹ።

ቆጣሪ፦
ነጋድራስ ያለው ልክ ነው፤ ግን 7/8ቱን ለሌላ ሰው ጽሑፍ አትጠቀሙበት። የሞጉሎች መንግሥት መሥራች ንጉሡ ባቡር የጠቀሰው አልማዝ 8 ሚስቃል (ሌላ የክብደት መለኪያ) ነው፤ ሚስቃሉ በ40 ራቲ ሲታሰብ 320 ራቲ ይመጣል፣ ከአውራንግዜቡ ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው። ነገር ግን የሌሎች ጸሐፊዎች ራቲ ከግማሽ ካራት እምብዛም አይበልጥም፤ በዚያ ሲመዘን የባቡሩ 186 ካራት አካባቢ ይወርዳል፣ ኮሂኑር የተባለው ዝነኛ አልማዝ በ1852 ዳግም ከመቆረጡ በፊት የነበረው ክብደት ማለት ነው። የድንጋዮቹን ማንነት አስመልክቶ ለተነሣው ሙግት አንዱ ዋና መነሻ ይኸው ነው።

ጠያቂ፦
ተግባባን። «ደላላ»ስ? ዋናው ላይም ወደዚያ የሚቀርብ ቃል አለ።

ነጋድራስ፦
ደላላ ይበሉት፤ ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ ሕንድም ፋርስም በዚሁ ይጠሩታል። ድርድሩ በዝምታ የሚካሄድ መሆኑን ግን አይዝለሉት። ታቬርኒዬ እንደጻፈው ገዥና ሻጭ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱ መቀነቱን ይፈታል፣ ሻጩ የገዥውን ቀኝ እጅ ይዞ በጨርቁ ይሸፍነዋል። ሙሉ እጅ መጨበጥ 1,000 ነው፤ ስንት ጊዜ ከጨመቀ ያን ያህል ሺህ። አምስት ጣት 500፣ አንድ ጣት 100፣ እስከ መካከለኛው አንጓ 50፣ ጫፉ እስከ መጀመሪያው አንጓ 10። ቤቱ ሙሉ ሰው ቢኖር እንኳ ዋጋውን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አንዱ ድንጋይ እዚያው ደጋግሞ ቢሸጥም እንዲሁ። በሶማሌ የግመል ገበያ ደላሎች በጨርቅ ሥር ሲደራደሩ ያየ አንባቢ ወዲያው ይገባዋል፤ የጣቱ ቁጥር ግን የየራሱ ነው። «በምልክት ተነጋገሩ» ብሎ ማለፍ ነገሩን መግደል ነው።

የቤተ መንግሥት ቃል፦
ለንጉሥ የሚቀርበውን «ፒሽካሽ» «ስጦታ» ብለው ከጻፉ ደግሞ ቀጭን ነገር ይጠፋል። ቃሉ በፋርስኛ «ፊት ማቅረብ» ነው፤ አማርኛ ደርዘ ሙሉ አቻ አለው፣ እጅ መንሻ። ጉቦም መማለጃም አይደለም፤ በአደባባይ ተመዝግቦ የሚቀርብ ነው። ታቬርኒዬ ለአውራንግዜብ ካቀረበው አንዱ በወርቅ የተለበጠ የነሐስ ጋሻ ነበር። እንደ ወጪ የሚያስበው ነጋዴ ስለሆነ የእያንዳንዱን ዋጋ ይጽፋል። ከፋርሱ ንጉሥ ከሻህ ያገኘው «ኺልዓት»ም ካባ ነው፤ «ልብስ ሰጠው» ሳይሆን «ካባ ሸለመው»።

የአውራንግዜብ ጌጣጌጥ ለታቬርኒዬ በቀረበበት ዕለትም ቃል ይምረጡ። ድንጋዮቹ በሁለት ትልልቅ የእንጨት ገበታ መጡ፣ አንዱ በቀይ ከፋይ፣ ሌላው በጥልፍ አረንጓዴ ከፋይ ተሸፍኖ። ሦስት ጊዜ ተቆጠሩ፤ ሦስት ጸሐፊዎች ዝርዝሩን ያዙ። የመዝገቡን ሰዎች «ጸሐፊ» እንጂ «ጸሐፌ ትእዛዝ» አይበሏቸው፤ ያ ሹመት ነው።