ክርክር፦ ዕዝራ ባዕዳን ሚስቶችን ማስፈታቱ ሕዝቡን አዳነው ወይስ ጎዳው?

አስተባባሪው፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው እሑድ መጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 10 ላይ ተጯጩኸን ሰዓት አለቀብን፤ እዚሁ በጽሑፍ እንጨርሰው። ላልነበራችሁ ባጭሩ ላስታውስ። ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ፈረሰች፣ ሕዝቡ ባቢሎን ተጋዘ። በ539 የፋርሱ ቂሮስ ባቢሎንን ያዘና ሂዱ፣ የአምላካችሁን ቤት ሥሩ አላቸው። በመሪያቸው በዘሩባቤል ጊዜ የተመለሱት 42,360 ናቸው ይላል መጽሐፉ። ቤተ መቅደሱ በ515 አለቀ። ካህኑና ጸሐፊው ዕዝራ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው፣ በ458 ገደማ። አለቆቹ መጥተው ካህናቱ ሳይቀሩ ከአካባቢው አሕዛብ ሚስት አግብተዋል ብለው ነገሩት። ልብሱን ቀደደ፣ ጠጉሩንና ጢሙን ነጨ፣ እስከ ማታው መሥዋዕት ድረስ ፈዞ ተቀመጠ። መጨረሻ ላይ ሚስቶቹ ከነልጆቻቸው ይሰናበቱ ተባለ።

ይሄ መታዘዝ ነው ወይስ ጭካኔ? የኔን አቋም ቀድሜ ልናገር። ያንን ሕዝብ መልሶ ያቆመው የሚስቶቹ መባረር አይመስለኝም። ያቆመው በኋላ የፋርሱ ንጉሥ ገዥ በነበረው በነህምያ ጊዜ በውኃው በር ፊት የተነበበው ሕግና የተሰረዘው ዕዳ ነው። አሁን ተራው የናንተ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ነገሩን ከዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጠህ አትፍረደው። አሥሩ ነገድ የት ደረሱ? አሦር በ722 ሰማርያን ወሰዳት፣ ሰዉን በተነው፣ እዚያው ተቀላቅሎ ቀረ። ይሁዳ ይሄን አይቷል። የተመለሱት ከአንድ ትንሽ ከተማ ሕዝብ አይበልጡም። ንጉሥ የላቸው፣ ጦር የላቸው። ያላቸው ሕጉ ብቻ ነበር። ሕጉን ደግሞ የሚያስተምረው ካህኑ ነው፣ ካህኑ ራሱ ቤቱ ውስጥ ሌላ አምላክ ካስገባ ምን ተረፈ? ዕዝራ ሐኪም ነው፤ የቆረጠው እግሩን ነው፣ ያዳነው ሰውየውን።

ኮሜንት ብቻ፦
ጋሼ፣ እግሩ ግን ልጆች ነበሩት 😅

የሁለት ልጆች እናት፣ ሜሪላንድ፦
ይሄን ቀልድ ብላችሁ አትለፉት፣ ቁም ነገሩ እሱ ነው። ምዕራፉን ትናንት ማታ ልጆቼን ካስተኛሁ በኋላ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዲት ሴት እንኳ ስትናገር አልተጻፈም። እጃቸውን ሰጥተው ቃል ገቡ የተባሉት ወንዶቹ፣ ስማቸው በዝርዝር የተቀመጠው የወንዶቹ። ሴትየዋ አምላክሽ ማነው፣ ምን ታምኛለሽ ተብላ ተጠይቃለች? ሩትም እኮ ሞዓባዊት ነበረች። ያኔ ሚስቶችን የሚያስፈታ እንዲህ ያለ ኮሚቴ ቤተልሔም ቢቀመጥ ኖሮ ዳዊት አይወለድም ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦
እህቴ፣ ሩት "ሕዝብሽ ሕዝቤ፣ አምላክሽ አምላኬ" ብላ ገባች። በሩ አልተዘጋም። ዕዝራ ምዕራፍ 6 ላይ ፋሲካውን የበሉት ከምርኮ የተመለሱት ብቻ አይደሉም፣ ከምድሪቱ አሕዛብ ርኩሰት የተለየ ሁሉ አብሮ በልቷል። ስለዚህ ጥያቄው ዘር አይደለም፣ እምነት ነው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሜሪላንድ፦
መምህር፣ እሱን ጠቅሰው ረዱኝ እኮ! በሩ በምዕራፍ 6 ክፍት ከነበረ በምዕራፍ 10 ለምን ማንም ሴት በዚያ በር ትግባ አልተባለችም?

የታሪክ ተማሪው፦
ሁለታችሁም ነገሩን ቤት ውስጥ ብቻ እያያችሁት ነው። እስቲ ወደ ሜዳ እናውጣው። ያኔ ጋብቻ ፖለቲካ ነበር። ሰንባላጥ የሰማርያ ገዥ ነው፣ ልጁን ለሊቀ ካህናቱ የልጅ ልጅ ድሯል። አሞናዊው ጦብያ ደግሞ ከይሁዳ ታላላቆች ጋር በጋብቻ ተሳስሮ ደብዳቤ ሲጻጻፍ ነበር፤ ነህምያ ራሱ እየተማረረ ጽፎታል። ሁለቱም ነህምያ የሚያሠራው የኢየሩሳሌም ቅጥር እንዳይሠራ ሌት ተቀን የደከሙ ናቸው። መሬትም አለበት። ግብፅ ውስጥ አስዋን አጠገብ ኤሌፋንታይን የምትባል ደሴት ላይ የአይሁድ ወታደሮች ሠፈር ነበር፤ ከዚያው ዘመን የተረፉ የፓፒረስ ውሎች አሉ። በውሎቹ ላይ ሴት ቤት በስሟ ትይዛለች፣ ባሏን መፍታትም ትችላለች። ይሁዳም እንደዚያ ከነበረ ባዕድ ሚስት ማግባት ማለት ርስቱ ነገ ወደ ማን ይሄዳል ማለት ነው።

ስለ መታዘዝ ስታወሩ ደግሞ ይቺን አትርሱ፦ በሦስት ቀን ኢየሩሳሌም ያልመጣ ንብረቱ ይወረሳል፣ ከጉባኤውም ይለያል ተብሎ ነው አዋጁ የወጣው። ንብረት ይወረሳል ከተባለ ማንም ይመጣል።

ኮሜንት ብቻ፦
መጥተውስ? ዘጠነኛው ወር፣ ሃያኛው ቀን፣ አደባባይ ላይ ዝናብ እየወረደባቸው ይንቀጠቀጣሉ። "ሰዉ ብዙ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ውጭ መቆም አንችልም፣ ነገሩም የአንድ ቀን የሁለት ቀን ሥራ አይደለም" አሉ። ከዚያ ምን ሆነ? ኮሚቴ ተቋቋመ! ሦስት ወር ተቀምጦ መቶ አስር ያህል ስም ይዞ ወጣ። ይሄን ሳነብ የኛ ቀበሌ ትዝ አለኝ።

ከናታንያ፦
የኪስሌቭን፣ የዚያን የዘጠነኛውን ወር ዝናብ የማያውቅ ይቀልዳል 🙂 እዚህ እስራኤል ያ ዝናብ አጥንት ድረስ ነው የሚገባው።

እኔ እስካሁን ዝም ያልኩት ነገሩ ለኔ የመጽሐፍ ጥናት ብቻ ስላልሆነ ነው። ቤተሰቤ ከጎንደር ነው፣ ቤተ እስራኤል ነን። እኛ ይሄን ታሪክ በእግራችን ነው የምናውቀው። ስግድ የሚባለውን በዓላችንን የሰማችሁ አላችሁ? ከዮም ኪፑር 50 ቀን ቆጥረን ተራራ እንወጣለን፣ በጾም። ድሮ አምቦበር አካባቢ ሰዉ ድንጋይ ተሸክሞ ነበር የሚወጣው፣ ለንስሐ። ቄሶቹ ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ፣ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጎማል፣ ሰው ያለቅሳል፣ ይሰግዳል። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ወርዶ ዳቦውን ቆርሶ ይበላል፣ ይጨፍራል። አሁን ነህምያ 8ን አውጡና አንብቡ። ዕዝራ የእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ ከንጋት እስከ ቀትር ያነባል፣ ሌዋውያኑ ለሕዝቡ ያስረዳሉ፣ ሰዉ ያለቅሳል፣ ከዚያ አታልቅሱ፣ ሂዱ ብሉ ጠጡ፣ ላላዘጋጀውም ድርሻውን ላኩለት ይባላል። በቅደም ተከተል ያው ነው። እዚህም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ስግድ በሕግ የታወቀ በዓል ነው፣ ኢየሩሳሌም ላይ ቄሶቹ ባለ ወርቅ ጥላቸውን ይዘው ይቆማሉ።

ስለዚህ አስተባባሪው ያልከው ይገባኛል። በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት የስደትና የመገለል ኑሮ አያቶቼ ይዘው የዘለቁት ንባቡን ነው። ግን ደግሞ ሳትቀላቀሉ መኖርንም ይዘዋል፣ ያንን መካድ አልችልም። እናቴ የጎረቤት ቤት ምግብ አትበላም ነበር። በዚያ ነው የቆየነው።

አስተባባሪው፦
ይሄ ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ያ መለየት ዞሮ በናንተው ላይ አልመጣም?

ከናታንያ፦
መጣ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1973 ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው አውጀው ነበር። ሰዉ በሱዳን በረሃ አልፎ፣ ስንቱን ቀብሮ ደረሰ። ሲደርስ ግን ለጥንቃቄ ወደ አይሁድነት የመመለስ ሥርዓት ፈጽሙ ተባለ፤ በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ ሰዎቻችን ለሳምንታት ውጭ ተቀምጠው ተቃወሙ። እኔም በኋላ ላገባ ስል አንድ ቢሮ ውስጥ አንድ ወጣት ጸሐፊ ወረቀቴን አገላብጦ አገላብጦ "የእናትህን እናት የሚያውቅ ምስክር አለህ?" አለኝ። አያቴ የተቀበረችው ሰሜን ነው። ምስክሩን ከየት ላምጣ? ያን ቀን የዕዝራን ዝርዝር ከወዲያ በኩል ሆኜ ነው ያነበብኩት። አሁንም ጎንደርና አዲስ አበባ ሆነው ወደ እስራኤል የመግቢያ ጥሪ የሚጠብቁ፣ ወላጆቻቸው ክርስትና ተነስተው የነበሩ ዘመዶቻችን አሉ። ይግቡ አይግቡ ብሎ የሚከራከረው የራሳችን ሰው ጭምር ነው፤ ቤተሰብ ለሁለት ተከፍሎበታል።

ጡረተኛው መምህር፦
ይሄ ልብ ይነካል፣ ወንድሜ። ግን እናትህ የጎረቤት ምግብ ባትበላ ነው ዛሬ አንተ የምትጠየቀው ነገር የኖረህ። የኤሌፋንታይኖቹስ የት አሉ? የተቀላቀሉት እነሱ ነበሩ፣ ከግብፃውያን ተጋብተው፣ ከያሁ (እግዚአብሔርን የሚጠሩበት ስም ነው) ጎን የሌላ አምላክ ስም እየጠሩ።

የታሪክ ተማሪው፦
መምህር፣ እሱ ላይ አልስማማም። የኤሌፋንታይኑን የአይሁድ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ410 ያስፈረሱት የግብፃውያኑ አምላክ የክኑም ካህናት ናቸው፣ ጋብቻ አይደለም ያፈረሰው። ሲፈርስባቸው በ407 ለይሁዳ ገዥ ጻፉ፤ በደብዳቤው እንደሚሉት ቀድሞም ለኢየሩሳሌም ሊቀ ካህናት ጽፈው መልስ አላገኙም። ወገናችሁ ነን እያሉ እየለመኑ! ባቢሎን የቀሩትስ? ያልተመለሰው ብዙ ነበር። ዕዝራ አላስፈታቸውም፣ ግን ታልሙድን ያህል ትልቅ የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ የወጣው ከነሱ ዘር ነው፣ ኢራቅ ውስጥም እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ ድረስ ማኅበረሰብ ሆነው ኖረዋል።

ጡረተኛው መምህር፦
ባቢሎን የቀሩትም እርስ በርስ ይጋቡ ነበር እኮ። ዕዝራ ራሱ ከዚያ ነው የመጣው።

የታሪክ ተማሪው፦
እሺ፣ እሷን ወስደዋል።

ግን አስተባባሪው አንተም አታምልጥ። የውኃው በር ንባብ ነው ያቆማቸው አልክ። ነህምያ 10 ላይ ተፈራርመው ማሉ፦ ሴት ልጆቻችንን ለአሕዛብ አንሰጥም፣ በሰንበት አንገበያይም፣ የሰቅል ሲሶ ለመቅደሱ እንሰጣለን፣ አሥራት እናወጣለን። ነህምያ ወደ ንጉሡ ደርሶ እስኪመለስ ምን ሆነ? ምዕራፍ 13ን ተመልከት። የመቅደሱ ጓዳ ለጦብያ ተሰጥቷል። ሌዋውያኑ የሚበሉት አጥተው ወደ እርሻቸው ሄደዋል። የጢሮስ ሰዎች በሰንበት ዓሣ ይሸጣሉ። የማሉትን አንድ በአንድ አፈረሱት። የት አለ መታደሱ?

አስተባባሪው፦
ልክ ነህ፣ ፈርሷል። ያልጠቀስካትን አንዲት ነገር ግን ላክልባት። ነህምያ የጦብያን ዕቃ አውጥቶ ወረወረ፣ ሌዋውያኑን ሰብስቦ መለሰ፣ ሰንበት ሊገባ ሲል በሩን አዘጋ። ነጋዴዎቹ አንድ ሁለቴ ከቅጥሩ ውጭ አድረው ነበር፤ እጄን ሳላነሳባችሁ ሂዱ ሲላቸው ቀሩ። ማለት ሰንበት የሻረ በሚቀጥለው ሰንበት በር ዘግቶ ይጀምራል። የተባረረችው ሴት ግን ልጇን ይዛ የሄደችበትን መንገድ ማን ይመልሰዋል? ለዚህ ይመስለኛል ነህምያ ያንኑ ችግር ሲያገኝ እንደ ዕዝራ ያላደረገው። ተቆጣ፣ ረገመ፣ አንዳንዱን መታ፣ ጠጉራቸውን ነጨ (ዕዝራ የራሱን ነበር የነጨው፣ እሱ የነሱን 😄)። ከዚያ ግን ያስማላቸው ወደፊት ልጆቻችሁን አትስጡ አትውሰዱ ብሎ ነው። ከሰንባላጥ አማች በቀር አባረርኩ የሚለው ሰው የለም፣ ፍቱ የሚል ቃልም የለም።

ምዕራፍ 5ንም እንዳትዘሉት። ድሃው እርሻውን አስይዞ፣ ወንድ ልጁን ሴት ልጁን ለገዛ ወንድሙ ባሪያ አድርጎ እየሰጠ፣ ባለጠጋው ከመቶ አንድ ወለድ እያስከፈለ ቅጥር ይሠራሉ! ነህምያ የልብሱን እቅፍ አራገፈባቸው፤ ቃሉን የማይፈጽም እንዲህ ይራገፍ አለ። መለሱ። እሱ ራሱ 12 ዓመት የገዥነት ቀለቡን አልበላም። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ ሲባል ሰው የሚያደንቀው ድንጋዩን ነው፣ እኔ ግን ይቺን ነው የማደንቀው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሜሪላንድ፦
ስለ ምዕራፍ 13 አንድ ነገር ልበልና ልተኛ። "ልጆቻቸው እኩሌታው የአሽዶድን ቋንቋ ይናገሩ ነበር፣ የአይሁድን አያውቁም" ይላል። እዚህ ጋ ስደርስ ነህምያን መጥላት አቃተኝ። ባሌ አበሻ አይደለም። ትልቋ ልጄ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሱን በእንግሊዝኛ ነው የምትሰጠኝ። ትንሹ "እንጀራ" እና "ነይ" ነው የሚያውቀው፣ ለአባቱም "ነይ" ነው የሚለው። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል ስልኩን ይዞ ዝም ይላል። ሰውየው ምን እንዳሳበደው ይገባኛል። ጠጉር መንጨት ግን ቋንቋ አያስተምርም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ማስቆጠር ጀምሬያለሁ፣ እስካሁን "ሐመሩ ሐ" ላይ ነን።

ከናታንያ፦
አይዞሽ። የኔ ልጅ ደግሞ በስግድ ቀን ቄሱ በግዕዝ ሲያነቡ "አባ፣ ምን አሉ?" አለኝ። እኔም ግዕዙ አልገባኝም። አማርኛው እስኪመጣ ጠብቄ በዕብራይስጥ ጆሮው ላይ ሹክ አልኩት። ሌዋውያኑም ይሄንኑ ነበር የሚሠሩት መሰለኝ።

ኮሜንት ብቻ፦
ዛሬ ቀልድ የለኝም። 🙏

ጡረተኛው መምህር፦
እኔ አቋሜን አልቀየርኩም፣ ዕዝራ ጊዜው ያስገደደውን ነው ያደረገው። ለቀጣዩ እሑድ ግን ሚልክያስ ምዕራፍ 2ን አንብባችሁ ኑ። እዚያ የባዕድ አምላክ ልጅ ማግባትንም፣ የልጅነት ሚስትን መፍታትንም ባንድ ትንፋሽ ነው የሚገሥጸው። ለኔ የማይመች ነገር አለበት፣ ቀድሜ ነግሬያችኋለሁ።