አስቸኳይ፦ የአሸዋ ማጠቢያ ኩሬያችን አልጠልል አለ፣ የገዛነው ፖሊመርም ጓጎለ (ኮምቦልቻ አካባቢ)

ድንጋይ ፈጪ፦
ሰላም ጀማው። የሚያውቅ ቶሎ ይድረስልኝ። የዝቃጭ ኩሬያችን (የአሸዋ እጣቢው ጭቃ ውሃ የሚጠራቀምበት) ሊሞላ ነው፣ ከግድቡ አናት የቀረው አንድ ክንድ አይሞላም። ትናንት ማታ ዘንቧል፣ ዛሬም ሰማዩ ጠቁሯል። ውሃው ድፍርስ እንዳለ ነው፣ አልጠልል አለ። ጭቃውን ያወርዳል የተባለውን ፖሊመር የሚሉትን ዱቄት ገዝተን ጨመርን፣ ምንም። እንዲያውም ተጓጉሎ ቀረ። ከግድቡ ሥር የገበሬ ማሽላ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ቦርከና ወንዝ ነው። ምን ይጨመር?

ጦሳ፦
ዱዓ ይጨመር 😄 አብሽር ወንድሜ፣ የሚያውቁት ይመጣሉ።

የባቲ ልጅ፦
አሉም፣ ውሃ የሚያጠልለውን ጨው፣ ጨምርበት። እኛ ጉድጓድ ውሃ ላይ እሱን ነው የምንጠቀመው። አለቀ።

የደሴዋ ኬሚስት፦
ወንድሜ፣ ዋናውን ሳትነግረን? ከረጢቱ ላይ ምን ይላል? በስንት ሊትር ውሃ በጠበጣችሁት? በምን አማሰላችሁት? የጨመራችሁትስ ኩሬው ላይ ነው ወይስ ኩሬው ከመድረሱ በፊት ቦዩ ላይ?

ጋሽ ኢንጂነር፦
ልጆች፣ የዝቃጭ ግድብ ቀልድ አይደለም። ብራዚል ውስጥ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 2015 የፉንዳዎ ግድብ ተደርምሶ 19 ሰው ሞተ። በጃንዋሪ 25 ቀን 2019 ደግሞ እዚያው ብራዚል ብሩማዲኞ ላይ 270 ሰው አለቀ። ሁለቱም በቀድሞው ዝቃጭ ላይ እየተደረቡ ወደ ላይ ያደጉ ግድቦች ነበሩ። ዝቃጩ ውሃ ጠጥቶ ቆይቶ በአንዴ እንደ ፈሳሽ ሆነ። ዓለም አቀፉ የዝቃጭ አያያዝ ስታንዳርድ በኦገስት 2020 የወጣው ከብሩማዲኞ በኋላ ነው። የፖሊመርም ጥቅሙ ይኸው ነው፦ ውሃውን ከጭቃው ለይቶ ወደ ማጠቢያው መመለስ፣ ኩሬው ውሃ እንዳያዝል ማድረግ። ትልልቆቹ ማዕድን ማውጫዎች መጀመሪያ በማወፈሪያ ጋን ያወፍሩታል፣ ከዚያ...

ጦሳ፦
ጋሼ፣ ሰውየው ኩሬው ሊፈስበት ነው። የቀረውን ሲጠልል ይንገሩን።

ድንጋይ ፈጪ፦
ከረጢቱ ላይ አኒዮኒክ ይላል፣ ሌላው ቻይንኛ ነው። ባለ 25 ኪሎ። ግማሹን በርሜል ውሃ ውስጥ ገለበጥነው፣ በውሃ ፓምፕ ስበን ኩሬው ላይ ለቀቅነው። ሻጩ "ራሱ ይሟሟል" ነው ያለን። ፎርጅድ ሳይሆን አይቀርም።

የደሴዋ ኬሚስት፦
ፎርጅድ ለማለት አትቸኩል። አንዱን ጓል አንስተህ በምላጭ ሰንጥቀው። ውጩ የሚያንሸራትት ዝልግልግ፣ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ከሆነ ዕቃው ደህና ነው፣ ያልሟሟ ብቻ ነው። አጥሚት ላይ ዱቄት በአንዴ ሲገለበጥ የሚሆነው ነው።

አኒዮኒክ የሚሉት ብዙ ጊዜ ፖሊአክሪላማይድ ነው። በጣም ረጅም ሰንሰለት አለው። የጭቃውን ብናኝ ይዞ አንዱን ካንዱ ያያይዛል፣ ብናኙ ሲከብድ ይወርዳል። ሰንሰለቱ ካልተዘረጋ አይይዝም። ከተበጣጠሰም እንደዚያው። የእናንተ አብዛኛው አልተዘረጋም፣ የተዘረጋውንም ፓምፑ በጣጥሶታል።

አሁን እንዲህ አድርጉ። 1 ኪሎ ለ500 ሊትር ንጹሕ ውሃ። ውሃው እየተማሰለ ዱቄቱን በወንፊት በቀስታ ንፉበት። በመቅዘፊያ በዝግታ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት አማስሉ፣ ቅንጣት እስኪጠፋ። ከዚያ 10 እጥፍ በውሃ አቅጥኑት።

ከመጨመራችሁ በፊት ሃይላንድ ላይ ሞክሩት። አራት ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ከኩሬው ሙሉ። ከቀጠነው በሲሪንጅ ለአንዱ 2፣ ለአንዱ 5፣ ለአንዱ 10 ሚሊ ሊትር ስጡ፣ አራተኛው ፖሊመር ሳይገባበት ይቅር። እንዳትንጡት፣ አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ገልብጡት። የተያያዘው ብናኝ ተሰብስቦ ሲወርድ በዓይን ይታያል። በትንሹ የጠለለውን መጠን ያዙ። ከበዛ ውሃው ይዝለገለግና ወንፊታችሁን ይደፍናል።

ሌላው፣ የኛ አገር ዋልካ ውሃ ጠጥቶ የሚያብጥ ጭቃ ነው። ብቻውን አይወርድም። ሃይላንዱ ላይ ካልሠራ መጀመሪያ ትንሽ ጀሶ፣ ከዚያ ፖሊመሩ። የጀሶው ካልሲየም ብናኙን ያቀራርበዋል። ኖራም ይሠራል፣ ግን ውሃውን ያመርረዋል፣ ታች ማሽላ አለ ብለሃል።

የኩሬውን ውሃ በፓምፕ ወደ ቦይ አውጡና የቀጠነውን ፖሊመር ቦዩ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ አጠጡት፣ በስበት። ፖሊመሩ የሚገባው ሁልጊዜ ከፓምፑ በኋላ ነው።

የባቲ ልጅ፦
ይሄ ሁሉ ከምን ይምጣ? አሉም።

ሐይቅ ዳር፦
እኔ ከሁላችሁም ጋር አልስማማም። የዛሬው ጥያቄ ፖሊመር አይደለም። ኬሚካል ግድብ አያጠነክርም። አንድ ክንድ የማይሞላ ቀርቶህ እያለ ማጠቢያው ለምን ይሠራል? አሁኑኑ አቁመው። ከላይ ከተረተሩ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ አዙረው፣ ኩሬው ውስጥ አይግባ። ውሃው ካለፈም በአንድ ወገን ድንጋይ በተነጠፈበት መውጫ ይለፍ እንጂ በአፈሩ አናት ላይ አይሂድ። አናቱን ከቆረጠ በሰዓታት ውስጥ ግድብ የለህም። ታች ላሉት ገበሬዎችና ለወረዳውም ዛሬ ተናገር።

ድንጋይ ፈጪ፦
ማቆም ቀላል ነው እንዴ? ለነገ የተከፈለበት አሸዋ አለብን። ቦዩን ግን ልጆቹ እየቆፈሩ ነው።

ሐይቅ ዳር፦
ግድቡ ከሄደ አሸዋውም ይሄዳል።

ጋሽ ኢንጂነር፦
ልጁ ልክ ነው። ደግሞ የግድቡን የታች እግር እዩት። ድፍርስ ውሃ የሚያልብ ቦታ ካለ አፈሩ ከውስጥ እየተሸረሸረ ነው ማለት ነው፣ ሰው ከሥሩ ይውጣ። ጥርት ያለ ውሃ ከሆነ ይሻላል፣ ግን አትተዉት።

የደሴዋ ኬሚስት፦
የሐይቅ ዳር ይቅደም፣ የኔ ከዚያ በኋላ። አንድ የረሳሁት፦ ዱቄቱ መሬት ላይ ከፈሰሰ ውሃ አታፍሱበት፣ ሰው አንሸራቶ ይጥላል። አሸዋ በትኑበትና በአካፋ እፈሱት። የቀረውን ግማሽ ከረጢት አፉን አስራችሁ እርጥበት የማይነካው ቦታ አስቀምጡት።

ሐርቡ 2፦
ጀሶ ያልሽው የግድግዳውን ነው እህቴ? እኛም ተመሳሳይ ኩሬ አለን።

የደሴዋ ኬሚስት፦
እሱም ይሆናል። መጀመሪያ ሃይላንዱ ላይ፣ ግማሽ ግራም ለሊትር ጀምሩ።

ጦሳ፦
ድንጋይ ፈጪ፣ ኧረ የት ጠፋህ? ኩሬው እንዴት ሆነ?

የባቲ ልጅ፦
አሉም ብያለሁ።