ሻጩ ውጭ አገር ነው፣ ደላላው ቀብድ ይላል፤ ምን እንይ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ቤት ልንገዛ ነው። ደላላው «ዛሬውኑ 200,000 ብር ቀብድ እሰሩ» እያለ ነው። የሚፈርመው የሻጩ ወንድም፣ በውክልና። ምን እናጣራ?

መልስ፦ ውክልናውን አንብቡት። «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» ብቻ ከሆነ ቤት አይሸጥበትም፤ «እንዲሸጥ» የሚል ግልጽ ሥልጣን ይፈልጋል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205)። አለመሻሩንም ሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ የሚስቱም ፈቃድ ግድ ነው፤ ብዙ ሽያጭ የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነው።

መልስ፦ ቀብድ ቀልድ አይደለም። ውሉ ሌላ ካላለ ገዢ ቢያፈገፍግ ቀብዱ ይቀራል፣ ሻጭ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል (ቁ 1885)። ስለዚህ «ካርታው ላይ እዳ ወይም እገዳ ከተገኘ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል አንቀጽ አስገቡ። ብሩ በደላላው እጅ አይለፍ፤ በባንክ፣ በሻጩ ስም።

መልስ፦ ደላላው ቤት ሦስት ምስክር ይዞ የተፈረመ ወረቀት አይበቃም፤ የቤት ሽያጭ ውል ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም (ቁ 1723)። ዋጋ አሳንሳችሁ ጻፉ ከተባላችሁም እምቢ በሉ፤ ውሉ ቢፈርስ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ ያ ትንሹ ቁጥር ነው። የደላላው ኮሚሽን ደግሞ ስም ሲዞር እንጂ ቀብድ ቀን እንዳይከፈል አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ።