ጉጉፍቱ ላይ በረዶ ይዞናል፤ የጫንነው ጨው ነው፤ እንበትነው ወይ?

የጨው ረዳት (ምሽት 1:12)
ሰላም ጀመዓ። ቶሎ መልሱልኝ፣ ባትሪዬ 31 ነው። ወሎ፣ ጉጉፍቱ ሳንደርስ ዳገቱ ላይ ቆመናል። በረዶው 11 ሰዓት ላይ ጀምሮ እንደ ጉድ ሲወርድ ቆየና አሁን አቁሟል፤ መንገዱ ግን ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሾፌሩ ሁለቴ ሞከረ። ሁለተኛው ላይ መኪናው በጎኑ ወደ ቦዩ ሄደብን። አሁን ታኮ አድርገን ቆመናል። ከኋላችን ሚኒባስ አለ፣ ውስጡ አራስ ከነልጇ አለች። ውጭ አገር መንገድ ላይ ጨው ሲበትኑ በቪዲዮ አይቻለሁ። እኛም የጫንነው ጨው ነው። ብንበትነው ይሠራል? ሾፌሩ "ጨው የሰው ነው" ብሎ እምቢ አለ።

ጦሳ ሥር (1:14)
ጨው አላችሁ፣ ውሃም ከሰማይ ወርዶላችኋል። በርበሬ የጫነ አይሱዙ ከኋላ ከመጣ ወጡ ደረሰ። አብሽር ወንድሜ፣ ቀልዴን ነው። ብርድ ልብስ አላችሁ?

ባለ ሲኖ (1:15)
ጎማው ላይ ሰንሰለት እሰሩ። አለቀ።

የጨው ረዳት (1:16)
ሰንሰለት የለንም። አንድ ብርድ ልብስ ነበረን፣ ለአራሷ ሰጠናት።

የደላንታ ልጅ (1:19)
ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ፈረንጆቹ ጨው የሚበትኑበት በረዶ አይደለም። የነሱ እንደ ጥጥ እየረገፈ ሳምንት፣ ወር የሚከርም ነው። የኛ ጠጠር ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ ስታየው የት እንደገባ አታውቀውም። ደግሞ እነሱ "የክረምት መንገድ" ሲሉ ሌላ ነገር ነው። የኛ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ፣ ጭቃና ናዳ ነው። አሁን መጋቢት ነው። ለአንድ ሌሊት ብላችሁ የሰው ጨው አታባክኑ። ሞተር እያሞቃችሁ እደሩ።

የጨው ረዳት (1:21)
አራሷስ? ልጁ እኮ አሥር ቀኑ ነው። ሚኒባሱ ደግሞ ነዳጁ ትንሽ ነው።

ጋሽ ግሬደር (1:33)
ልጄ፣ ዕድሜዬን በመንገድ ጥገና ነው የጨረስኩት። ረጋ ብለህ አንብብ።

በመጀመሪያ ጨው በረዶን የሚያሞቅ እንዳይመስልህ። ውሃ የሚረጋበትን ቅዝቃዜ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ። ንጹሕ ውሃ ዜሮ ላይ ይረጋል። ከመቶው 23 እጅ ጨው ያለበት ውሃ ግን እስከ 21 ከዜሮ በታች ድረስ አይረጋም። ይሄ በብልቃጥ ውስጥ ነው። መንገድ ላይ 9 ከዜሮ በታች ካለፈ ተራ ጨው ይሰንፋል። ለዚህ ነው በጣም በሚበርድበት አገር ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል ሌላ ዓይነት ጨው የሚቀላቅሉት ወይም ጨውን ትተው አሸዋ ብቻ የሚበትኑት።

ሁለተኛ፣ ያ በቪዲዮ ያየኸው መኪና የመጨረሻው ሥራ ነው። ከሱ በፊት ብዙ አለ። አስፋልቱ ውስጥ ሙቀት የሚለካ ነገር ቀብረዋል፤ የአየሩና የመንገዱ ቅዝቃዜ አንድ አይደለማ። ድልድይ ከሥሩም ከላዩም ነፋስ ስለሚያገኘው ቀድሞ ይረጋል። ይህን አይተው በረዶው ሳይወርድ ጨው ያሟሙና አስፋልቱን ይረጩታል። ቀድሞ የተረጨ መንገድ ላይ በረዶው ከአስፋልቱ ጋር አይጣበቅም። ከተጣበቀ በኋላ ማስለቀቅ ብዙ እጥፍ ጨው ይበላል። የእናንተ አሁን ተጣብቋል።

ጃፓን ናጋኦካ የሚባል ከተማ ደግሞ ከፈረንጆቹ 1960ዎቹ ጀምሮ መንገዱ መሐል ቧንቧ ቀብረው የጉድጓድ ውሃ እየረጩ ያቀልጡታል። ከመሬት ሆድ የወጣ ውሃ በክረምት ከአየሩ ይሞቃላ። ስዊድን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ በረዷማ ከሆነ ያለ ክረምት ጎማ አያስነዱህም። ይሄ ሁሉ ለኛ አይሆንም፤ ዋጋው አይቀመስም፣ በረዷችንም በዓመት ጥቂት ቀን ነው።

ለኛ የሚሆነው ሌላ ነው። እዚያው ጃፓን፣ ሆካይዶ በሚባለው ደሴት በመንገዱ ዳር ረጃጅም ምሰሶ ተክለው ጫፉ ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ቀይና ነጭ ቀስት ሰቅለዋል። በረዶ ሁሉን ሲሸፍነው ሾፌሩ የመንገዱን ጠርዝ በቀስቱ ያውቃል። ኖርዌይ ደግሞ ተራ ዘንግ ነው የሚተክሉት። እኔ ጉጉፍቱ ላይ የምመኘው ይሄን ነው። ለበረዶው ሳይሆን ለጉሙ። ስንት መኪና ጉም ውስጥ ጠርዝ ስቶ ገደል ገብቷል! ዘንግ ማለት እንጨትና የሚያበራ ቀለም ነው፣ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ጦሳ ሥር (1:35)
ጋሼ፣ እርስዎን ማንበብ ስንጨርስ በረዶው ይቀልጣል።

ባለ ሲኖ (1:36)
ሰንሰለት ብያለሁ።

ኦስሎ ያለሁ (1:38)
ሰላም፣ የደሴ ልጅ ነኝ። እዚህ ሦስት ክረምት የበረዶ መጥረጊያ መኪና ነድቻለሁ። ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ አሁን ግን ቶሎ ቶሎ መልስልኝ። አስፋልት ነው ኮረት? ዳገቱ ስንት ሜትር ይሆናል? ውፍረቱስ? ጨዉ የተፈጨ ነው ሻካራ? አካፋ አላችሁ?

የጨው ረዳት (1:41)
አስፋልት። እስከ መታጠፊያው 150 እርምጃ ነው፣ ረግጬ ቆጠርኩት። ውፍረቱ አንዳንድ ቦታ ሁለት ጣት፣ አንዳንድ ቦታ አራት። ላይ ላዩ ጠጠር ነው፤ ሥሩ ግን እንደ ብርጭቆ ሆኗል። ጨዉ ሻካራ ነው፣ ከአፋር የመጣ። አንድ አካፋ አለን።

ኦስሎ ያለሁ (1:47)
እሺ ስማ። አራት ጣት በረዶ ላይ ጨው ብትደፋ መኪናው ባዶ እስኪሆን ብትበትን አይበቃህም። እዚህም ማንም እንዲህ አያደርግም። መጀመሪያ ይጠረጋል። ጨው የሚመጣው አካፋ ለማይነቅለው፣ ለዚያ ለሥረኛው ብርጭቆ ነው።

የሚኒባሱን ወንዶች በሙሉ አስወርዱ። ሁለት የጎማ መስመር ብቻ ጥረጉ፣ መንገዱን ሁሉ አትንኩ። የጠረጋችሁትን ወደ ገደሉ በኩል እንጂ ወደ ቦዩ አትግፉት። ቦዩ ከተደፈነ የሟሟው ውሃ አስፋልቱ ላይ ይቀርና ሌሊት እንደገና ይረጋባችኋል።

ከዚያ ጨው። ጤፍ እንደሚዘራ በእጅ በተን በተን፣ እፍኝ አትድፉ። እዚህ በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 40 ግራም ነው የምንበትነው። 150 እርምጃህን 100 ሜትር እንበለው፣ ስፋቱን 3 ሜትር። 300 ካሬ በ40 ግራም 12 ኪሎ ነው። ሩብ ኬሻ አይሞላም! በእጅ ስለሆነ እጥፍ አድርገው፣ ግማሽ ኬሻ። ለሾፌሩ ይሄን ንገረው። የሰው ጨው አለቀ የሚባል ነገር የለም።

20 ደቂቃ ጠብቁ። ጨዉ በረዶውን እየበሳ ይወርድና ከአስፋልቱ ያላቅቀዋል። ሁሉም ቀልጦ ውሃ እስኪሆን አትጠብቁ፤ ሲሰነጣጠቅ በአካፋ ግፉት። በመጨረሻ ከመንገዱ ዳር ኮረት ወይም አሸዋ ከላዩ ነስንሱበት። ጨው ያላቅቃል፣ ጎማውን የሚይዘው ግን ኮረቱ ነው።

የደላንታ ልጅ (1:50)
ጨው ሻንሲ ይበላል። ድልድይም ይበላል፣ ብረቱን በሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ ነው የሚያዝገው። እነሱ ራሳቸው አሁን ተማረዋል። ምንጭና ጉድጓድ ውስጥ እየገባባቸው ነው። እኛ የነሱን ስህተት ነው የምንኮርጀው?

ኦስሎ ያለሁ (1:52)
እውነት ነው፣ ሁሉም። ለዚህ ነው እዚህ በየዓመቱ "ጨው ቀንሱ" የምንባለው። ግን ግማሽ ኬሻ ለአንድ ሌሊት እና በየቀኑ በቶን መበተን አንድ ነው እንዴ? ነገ ሥር ሥሩን በውሃ ያጥቡት።

ጦሳ ሥር (1:53)
ጨው የሚጭን መኪና ስለ ዝገት አይመከርም።

የአቀስታዋ ባለ ሱቅ (1:58)
ኧረ በአላህ፣ ያ ጨው የኔ እንዳይሆን! የኔም ከሆነ ግማሹን ፍቱት፣ ለአራስ ምን ይሰሰታል። ግን እናቶቻችን ደጅ ሲያዳልጥ አመድ ነበር የሚነሰንሱት። ከምድጃ አመድ አምጡ። ቀዝቃዛውን፣ ትኩሱን ከነፍሙ አይደለም።

ኦስሎ ያለሁ (2:00)
አመድም ይሆናል እህቴ፣ ይይዛል። ገለባ ግን እንዳያደርጉ፣ ያንሸራትታል። የሞቀ ውሃ ካገኛችሁ ደግሞ አንድ የኖርዌይ ዘዴ አለ። አሸዋውን 90 ምናምን ዲግሪ በሞቀ ውሃ ያርሱትና ይበትኑታል። ትኩሱ አሸዋ በረዶውን ትንሽ አቅልጦ ገብቶ እዚያው ይረጋል፤ መንገዱ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ተራ አሸዋ መኪና ባለፈ ቁጥር ይበተናል፣ ይሄ ግን ይቆያል። ጨው በማይሠራበት ብርድ የምንጠቀመው ይሄን ነው።

ጦሳ ሥር (2:01)
ጉጉፍቱ ላይ 90 ዲግሪ ያለው ጀበና ውስጥ ብቻ ነው።

ኦስሎ ያለሁ (2:02)
ሃሃ፣ እሱን ጠጡት። የራዲያተሩን ውሃ እንዳትነኩ ብቻ!

የመካነ ሰላም ልጅ (2:06)
ሌላ ነገር ልጨምር፣ ሾፌር ነኝ። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳትረግጡ፣ ሳትቆሙ። አንደኛ ጎማውን ያሽከረክረዋል። ማዶ ቁልቁለት ሲመጣ የጭስ ፍሬኑን፣ የሞተሩን ጭስ አፍኖ መኪናውን የሚይዘውን፣ አጥፉት። ደረቅ መንገድ ላይ አባት ነው። በረዶ ላይ ግን የኋላ ጎማውን ብቻ ስለሚይዘው ቂጡ ይዞርባችኋል። ረዳቱ ታኮ ይዞ በጎን ይሂድ እንጂ ከኋላ አይከተል። ስንቱ ረዳት በዚህ ሄዷል።

ባለ ሲኖ (2:07)
ለሚቀጥለው ሰንሰለት ግዙ።

ጦሳ ሥር (2:10)
እኔ የምፈራው ጠዋቱን ነው። ጨው የተበተነበት መንገድ ላይ የአገሩ በግ በሙሉ ይወጣል። በጥሩምባ የሚነሳ እንዳይመስላችሁ።

በካናዳ የምኖር (2:14)
ቀልድ አይደለም። እዚህ ጃስፐር የሚባል ፓርክ አለ። በፈረንጆቹ 2020 "ሙዝ መኪናችሁን እንዲልስ አትፍቀዱ" የሚል ምልክት መንገድ ዳር አቁመው ነበር። ጨዉ መኪና ላይ ስለሚጣበቅ ይመጣና ይልሰዋል። ሰው ሲለምድ ከመኪና መሸሽ ይተውና ይገጫል።

የአቀስታዋ ባለ ሱቅ (2:15)
ሙዝ መኪና ይልሳል???

በካናዳ የምኖር (2:16)
የሚበላው ሙዝ አይደለም እትዬ! አጋዘን መሳይ ነው፣ ቁመቱ ከፈረስ የሚበልጥ። ስሙ ነው እንዲህ የሆነብን።

ጋሽ ግሬደር (2:21)
ይሄ ትልቅ ነጥብ ነው። ልጄ፣ ስትጨርሱ መንገዱ ላይ የተረፈውን ጨው ጠርጋችሁ አንሱ። በጉ ቢወጣ፣ በጉን ተከትሎ እረኛው ይወጣል። እረኛ ማለት ደግሞ ሕፃን ልጅ ነው። መታጠፊያው ላይ ጠዋት ጉም አለ።

የጨው ረዳት (2:48)
ባትሪ 6። ሾፌሩ ሩብ ኬሻ ሲባል ተስማማ። ሰባት ሆነን ጠረግን። ከመንደሩ ሁለት ሰዎች ፋኖስና ዶማ ይዘው መጡ፣ አላህ ይስጣቸው። አሁን ጨዉን በትነናል። ዝም ስትሉ ይሰማል፣ በረዶው ጠሽ ጠሽ ይላል፣ የቆሎ ምጣድ ይመስላል። ላይኛው ግማሽ ለቀቀ። መታጠፊያው ጋ ያለው ግን ገና ነው፣ ነፋሱ እዚያ ነው የሚመታው። ሚኒባሱ ቀላል ስለሆነ መጀመሪያ እሱ ይሞክር ብለን

ኦስሎ ያለሁ (2:50)
አይ፣ ቆይ። ሚኒባሱ ከፊታችሁ ይለፍ፣ እሺ። ግን እሱ መታጠፊያውን ሳይጨርስ እናንተ እንዳትነሱ። ቢንሸራተት ወደ እናንተ ነው የሚመለሰው። አራሷም ወርዳ በእግሯ፣ ሰው ደግፏት ትለፍ።

ኦስሎ ያለሁ (3:20)
የጨው ረዳት? እንዴት ሆነ?

የአቀስታዋ ባለ ሱቅ (3:55)
ስልኩ ዝግ ነው መሰለኝ። ቁጥሩን የምታውቁት አላችሁ? የሾፌሩንም ቢሆን።

ጋሽ ግሬደር (5:10)
አልተኛሁም።

የመካነ ሰላም ልጅ (ጠዋት 2:25)
አሁን ከደሴ ስመጣ በዚያ አለፍኩ። አይሱዙም ሚኒባስም የለም፣ ቦዩም ውስጥ የወደቀ የለም። መንገድ ዳር አካፋ ተረስቷል፣ አንስቼዋለሁ፣ የማን እንደሆነ ይንገረኝ። አስፋልቱ መሐል ላይ ግን አንድ ሃያ በግ ቆሞ መሬት ይልሳል። ጥሩምባ ነፋሁ። አልሰሙኝም።

ጦሳ ሥር (2:27)
አላልኳችሁም?

የአቀስታዋ ባለ ሱቅ (2:31)
አልሐምዱሊላህ። የኔ ጨውም አሁን ገባ፣ ሌላ መኪና ነው። እነዚያ የማንን ነው የበተኑት?