የእግር ጉዞው ዕቅድ፦ ከአዳማ በቆጂ፣ ረቂቅ 2

ጸሐፊ፦
ረቂቁን ደግሜ አስቀምጫለሁ። አርብ ማታ ይዘጋል፤ ሰኞ ለፖሊስና ለየከተማው አስተዳደር ደብዳቤ ይገባል። መንገዱ አዳማ፣ አዋሽ መልካሳ፣ ዴራ፣ ኢተያ፣ አሰላ፣ ሳጉሬ፣ በቆጂ። ወደ 130 ኪሎ ሜትር፣ 5 ቀን፣ ኅዳር አጋማሽ። እያንዳንዱ ተጓዥ በኪሎ ሜትር ቃል የሚገቡለትን ሰዎች ይዞ ይመጣል። ገንዘቡ እንዳምናው በሙሉ ለልጃችን የኩላሊት እጥበት ነው። የሚቃወም ይናገር።

ገንዘብ ያዥ፦
ያምናው ገንዘብ ጥር ላይ አልቋል። ከዚያ ወዲህ የሚከፈለው ከእኛው መዋጮ ነው። እጥበቱ በሳምንት 3 ቀን ነው፤ በዓል አያውቅም፣ ደመወዝ እስኪገባም አይጠብቅም። አምና ቃል ገብተው እስከ ዛሬ ያልከፈሉ 11 ሰዎች አሉ። ስም አልጠራም፤ ያመጣቸው ሰው ያውቃቸዋል።

ባለባጃጁ፦
በቆጂ የሚለው ይጽና። ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ የወጡበት ከተማ በእግር ገባን ብሎ መናገር ራሱ ሌላ ነው። አሰላንማ አምና አይተነዋል። ኃይሌ በልጅነቱ እዚያ አገር ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ እኛ በቀን 26 መራመድ ያቅተናል? አጃቢ ፒክአፕ እኔ አመጣለሁ።

ሲስተር፦
ከፍታውን አትርሱ። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፣ በቆጂ 2,800 ገደማ። ከዴራ በኋላ መንገዱ ዳገት ዳገቱን ነው፤ በጭላሎ ሥር ስታልፉ ደግሞ ሌሊቱ አጥንት ይገባል። አምና እግሩ ውሃ የቋጠረ 9 ሰው አክሜያለሁ፤ ሁሉም አዲስ ጫማ አድርገው የመጡ ናቸው። ጫማችሁን ከዛሬ ጀምራችሁ ልበሱት።

የበቆጂዋ፦
ማደሪያ ያዝኩ። 30 ሰው ቤተሰቤ ጋ ያድራል። እናቴ ለበሶ ገብስ ማስቆላት ጀምራለች።

የወንጂ ልጅ፦
እኔ ተቃውሞ አለኝ። እሱ ሳይፈታ አልሄድም፣ ቃል ገቢዎቼንም አላመጣም። የአዴ ፔርሙዝ የት ነው?

ጸሐፊ፦
ከረቂቁ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የወንጂ ልጅ፦
ምን ያገናኘዋል? ኢተያን እንዳለፍን ያ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ሲያወርደው 23 ሰው ነበርን። አዴ በራቸውን ከፍተው «ኮታ ሴና» አሉን። ከየት መጣችሁ፣ የማን ናችሁ አላሉም። የስንዴ ጆንያቸውን ወደ ግድግዳ ገፍተው ወለሉን ለቀቁልን። ጩኮ አቀረቡ። ጣቴ በብርድ አልታዘዝ ሲለኝ የራሰ ካልሲዬን ከእግሬ ላይ ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው፣ ጭቃውን ሳይጸየፉ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እግሬን የነካ ሰው አልነበረም። ጠዋት «መንገድ ላይ ትጠጣላችሁ» ብለው ወተት አፍልተው በፔርሙዝ ሰጡን። በዚያ ቤት ያየሁት ፔርሙዝ ያ አንድ ብቻ ነው። «ስትመለሱ ታስቀምጡልኛላችሁ» አሉ። ስንመለስ በአባዱላ እንቅልፋችንን እየተኛን አለፍናቸው።

ባለባጃጁ፦
ወንድሜ፣ ለአንድ ፔርሙዝ ብለህ የልጁን ሕክምና ልታስቆም ነው? አዲስ ይገዛላቸዋል፣ አለቀ። እኔው እገዛለሁ።

የወንጂ ልጅ፦
አምናም «እኔው አደርሳለሁ» ያልከው አንተ ነህ።

ባለባጃጁ፦
ውሸት! አሰላ ላይ ለጋሼ መምህር ነው የሰጠሁት። ሰው ፊት ሌባ አታድርገኝ።

ጋሼ መምህር፦
እኔ አሰላ የገባሁት ጉልበቴን ይዤ ነው፤ ፔርሙዝ አልያዝኩም። አረንጓዴ ናት፣ ክዳኗ ላልቶ በፋሻ ታስሯል። እሱን አስታውሳለሁ።

ባለባጃጁ፦
እንግዲያው እኔ ነኝ የሰረቅኩት በሉኛ! ይቅርታ እስክጠየቅ ድረስ ፒክአፑንም ሌላ ሰው ይፈልግ።

ገንዘብ ያዥ፦
ከትናንት ጀምሮ የሚጻፈው ሁሉ ስለ ፔርሙዝ ነው። የቃል ገቢ ዝርዝር የላከልኝ 2 ሰው ብቻ ነው። ለምግብ፣ ለውሃ፣ ለደብዳቤ እጃችሁን ያወጣችሁ 6 ሰዎች ስልክ አታነሱም። ልጁ ነገ እጥበት አለው።

ሲስተር፦
ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ፔርሙዟ በእኔ ሻንጣ ገብታ አዳማ መጣች። ፋሻውንም ያሰርኩት እኔ ነኝ። ልልካት እያልኩ ሳምንት ሳምንትን ወለደ። ከዚያ አንድ ቀን የልጁን እናት እጥበት ክፍል ደጃፍ አገኘኋት። አንዱ እጥበት 4 ሰዓት ነው፤ እሷ ግን ከንጋት ጀምሮ አንድ ነገር አልቀመሰችም። ሻይ ሞልቼ ሰጠኋት። ልጁ የሚጠጣው ሁሉ በልክ ስለሆነ እሱ እያየ አትጠጣም፤ ግድግዳው ጥግ ሄዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትጠጣው። እስካሁን እሷ ጋ ናት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ባለባጃጁን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የወንጂ ልጅ፦
እኔም እጠይቃለሁ። አፌ ቀደመኝ።

ባለባጃጁ፦
ይሁን። ተውት።

ጸሐፊ፦
እንግዲያው ወደ ረቂቁ እንመለስ። አዲስ ፔርሙዝ ተገዝቶ በመንገዳችን እንሰጣቸዋለን። ተስማማን?

የወንጂ ልጅ፦
አልተስማማንም። አዴ ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ግን አልሰሙም። እሳቸው የሚያውቁት 23 ሰው ቤታቸው አድሮ ዕቃቸውን ይዞ እንደሄደ ነው። እኛ የምንሄደው በሰው ደግነት ነው። ሆቴል አንከራይም፤ ዴራ ላይ ትምህርት ቤት ያሳድሩናል፣ መልካሳ ላይ ውሃ ያቀብሉናል። የአንዱን ደጅ አሳዝነን የሌላውን ደጅ በምን አፋችን እናንኳኳለን? ያቺው ራሷ ትመለስ፣ ወሬዋም አብሯት ይሂድ።

ጋሼ መምህር፦
የልጁ እናት ራሷ ታድርሳት። እጥበቱ ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ከሆነ እሑድ ነጻ ናት። እኛ ቅዳሜ ማለዳ በእግር ወጥተን ዴራ እናድራለን፣ እሑድ ኢተያ እንገባለን። እሷ በአባዱላ ትመጣለች። አዴ ቤት አብረን እንውል። ቡና፣ ስኳርና ዘይት እንያዝ።

ሲስተር፦
ልጁ አይምጣ፣ አቧራው አይሆነውም። ከአክስቱ ጋር ይቆያል፤ አነጋግሬያታለሁ። እናቱንም ነገርኳት። «ምን ለብሼ ነው የምሄደው?» አለችኝ።

የወንጂ ልጅ፦
እንዲህ ከሆነ ከወንጂ 15 ሰው አመጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ቆዩ እንጂ። ኢተያ ማለት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ቃል የሚገባው በኪሎ ሜትር ነው። በኪሎ ሜትር 20 ብር ያለኝ ሰው 2,600 ይከፍል የነበረው 1,000 ሊሆን ነው። አዴን እኔም እወዳቸዋለሁ፣ ከጩኳቸው በልቻለሁ። ግን ልጁን ከኅዳር በኋላ በምን እናሳጥበው?

ባለባጃጁ፦
ከአዴ ቤት በኋላ የፈለገ ይቀጥላ፣ ማን ከለከለ?

ገንዘብ ያዥ፦
«የፈለገ» ብሎ ዕቅድ የለም። አምናም «የፈለገ» ስንል አሰላ የገባነው 14 ነን። እናቱም ሰኞ ንጋት ሆስፒታል ናት፤ እሷን መልሶ የሚያመጣት ሰው ይጻፍልኝ።

ጋሼ መምህር፦
የአዴ ቤት ቆርቆሮ ያፈስ ነበር። 23 ሰው አስጠልለው እሳቸው ከሚያፈሰው ሥር ነበር የቆሙት። ከተሰበሰበው ላይ ጥቂት ቆርቆሮ ብንገዛስ?

ገንዘብ ያዥ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከእጥበቱ ገንዘብ 1 ብር አይነካም። ለቆርቆሮው የሚያዋጣ ለብቻው ያዋጣ።

የወንጂ ልጅ፦
2 ቆርቆሮ በእኔ።

ሲስተር፦
1 በእኔ።

ጸሐፊ፦
ለምስማርና ለማጓጓዣ ማን ይችላል?

ባለባጃጁ፦
ማጓጓዣው በእኔ፣ ፒክአፑ ከተገኘ። ሰውዬው ከትናንት ጀምሮ ስልኩ ዝግ ነው።

የበቆጂዋ፦
ሦስት ቀን ሙሉ አነበብኩ። ስለ በቆጂ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። በሶው ተፈጭቷል። እናቴ ከጎረቤት ፍራሽ ለምና ሰብስባለች። የአዴ ደጅ ደጅ ነው፣ የእናቴስ? ምን ልበላት?

ጋሼ መምህር፦
ልክ ነሽ ልጄ። አላሰብነውም።

የወንጂ ልጅ፦
ለእናትሽ እኔ ደውዬ ልንገራቸው?

የበቆጂዋ፦
አትደውል። ምንም አትንገርብኝ።

ጸሐፊ፦
አርብ ነው። ረቂቅ 3 ላይ አዳማ ኢተያ፣ 2 ቀን፣ የአዴ ዕቃ መመለስ፣ ቆርቆሮ ብዬ ጽፌያለሁ። የገንዘቡ ጉዳይ «በኋላ ይወሰናል» ነው የሚለው። ደብዳቤውን እስከ ኢተያ ብቻ ላድርገው ወይስ እስከ በቆጂ?

የበቆጂዋ፦
እስከ በቆጂ ጻፈው። ብቻዬንም ብሆን እሄዳለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ለ130 ኪሎ ሜትር ቃል የሚገቡልሽን ሰዎች ዝርዝር ላኪልኝ። በእኔ በኩል 8 ሰው ጨምሬልሻለሁ።